እባክዎ ፈቀቅ ይበሉልን

ሰው በአውቶሞቢል አጠገብ ፎቶግራፍ ሊነሣ ሲቆም፥ በጎኗ ወይም በኋላዋ መቆም እየተቻለው፥ ሁልጊዜ ከፊቷ የሚሰለፍበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ አስረድቶ የሚያሳርፈኝ ሊቅ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሜዳው ሰፊ ነው፤ መኪናይቱም ብትለካ ከሦስት ሜትር አታንስም፤ ባለ ባርኔጣው፥ ባለ ካባውና ባለ ከዘራው ሁሉ ግን እየተጋፋ የሚቆመው ከአንድ ክንድ ብዙም በማትሰፋው በራዲያተሯ ፊት ነው። የመኪናይቱ ስም የሚጻፈው፥ ዘሯም የሚታወቀው በዚያችው ስፍራ ነውና፥ የራሱን መልክ ለመጪው ትውልድ ሊያቆይ የቆመው ሰው የእርስዋን መልክ ለዘለዓለም ጋርዶ ይኖራል። ከብዙ ዘመን በኋላ ፎቶግራፉን አንሥቶ «ጌታዬ፥ እባክዎ ጥቂት ፈቀቅ ይበሉልን» ቢሏቸው የሚሰሙ አይደሉም።

ይህ ለብዙው ሰው ምንም አይደለም። የድሮ ፎቶግራፍ ሲያይ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ሰዎቹ ነው፤ ይህ የእገሌ አያት ነው፥ ያችኛይቱ የእገሊት እናት ናት፥ ይህ እግሩን የሚያክክ ሕፃን ኋላ ዳኛ የሆነው ነው እያለ ሁሉን በየስሙ ይቆጥርና፥ መኪናይቱን «ከመኪና ጋር» ብሎ ያልፋታል። ዳሩ ግን በዓለም ላይ ነገሩን ገልብጠው የሚያዩ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ባላባቱን ከነክብራቸው አልፈው፥ ከባላባቱ ጉልበት በስተኋላ ብቅ ያለችውን የመኪናይቱን የእግር ቆብ በአጉሊ መነጽር የሚመረምሩ ናቸው። ከእንደነዚህ ካሉት ጋር የተቀመጠ ሰው ጠባያቸው ይጋባበታል። እኔም ለቅሶ ቤት ሄጄ፥ አልበም ሲዞር፥ የሟቹን የጎልማሳነት መልክ ትቼ የኋላ ጎማውን ስመለከት፥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው እንባዬን እየጠበቁ መቆየታቸውን ያየሁት በኋላ ነው።

መኪናን በፎቶግራፍ የመለየት ትምህርት ፊደሉ ራዲያተር ነው። የሮልስ ሮይስ ራዲያተር እንደ ግሪኮች ቤተ መቅደስ ደጃፍ አናቱ ባለ ሦስት ማዕዘን፥ ጎኑ ባለ ዓምድ ነው፤ የቡጋቲ የፈረስ ጫማ ቅርጽ አለው፤ ከፈረንሳይ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ደሎኔ ቤልቪል ደግሞ ቀድሞ የመርከብ ማሞቂያ ጋን ይሠራ ስለ ነበረ የመኪናውንም ፊት ክብ አደረገው። በዚህ በክብ ፊቷ መኪና የሩሲያው ዛር ዳግማዊ ኒቆላዎስ ይጓዝባት ነበር። ዓመቱን እነሆ በፈረንጅ አቆጣጠር እናገራለሁ፥ መኪኖቹ የተወለዱት በዚያው ነውና፤ በ1911 በታኅሣሥ ወር ፓሪስ ውስጥ የባንክ ገንዘብ ዘርፈው በመኪና ያመለጡት የቦኖ ወንበዴዎች የሰረቋት መኪናም ይህችው ደሎኔ ቤልቪል ነበረች። ስለዚህ ክብ ፊት ያላትን መኪና በፎቶግራፍ ያገኘ ሰው፥ አጠገቧ የቆመው ንጉሥ ይሁን ሌባ በመኪናይቱ ብቻ ሊፈርድ አይገባውም።

ሬኖ ግን የዚህን ሁሉ ሥርዓት አፍርሶ ራዲያተሩን ከሞተሩ በስተኋላ ስለ ሸሸገው፥ ኮፈኑ ወደ ፊት እያዘቀዘቀ ይወርዳል። በ1914 በመስከረም ወር ከፓሪስ ወታደር ጭነው ወደ ማርን ጦር ሜዳ የሄዱት ታክሲዎች አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነቶቹ ነበሩ። በአሜሪካ በሲራኩዝ ከተማ ይሠራ የነበረው ፍራንክሊን ደግሞ ሞተሩን በነፋስ እንጂ በውሃ አያበርድምና ራዲያተር የሚባል ነገር አልነበረውም። እነዚህ ሁለቱ ሰው በፊታቸው ቢቆምም ባይቆምም ቅር የማይላቸው፥ ከመኪኖች ሁሉ የተባረኩ ናቸው እላለሁ።

ራዲያተሩ ሲጋረድ መርማሪው ወደ ሌላው አካል ይወርዳል። የፊት መብራቷ የናስ ሆኖ በመረገጫው ላይ የጋዝ ዕቃ ከተቀመጠ፥ የኤሌክትሪክ መብራት ከመለመዱ በፊት በካርባይድ ጋዝ ትበራ የነበረች ናት። ለሾፌሩ ወንበር መዝጊያ ከሌለው ምናልባት ከ1910 ወይም ከዚያ አቅራቢያ በፊት ናት። በፊት እግሮቿ ላይ የፍሬን ከበሮ ካልታየ፥ የአራት እግር ፍሬን የተለመደው በ1920ዎቹ እኩሌታ ስለ ሆነ፥ ከዚያ አስቀድማ ሳትሠራ አልቀረችም። ጎማዋ ነጭ ሆኖ ቢገኝ ፎቶግራፍ አንሺው ተሳስቶ ወይም ባለቤቱ ለበዓል በኖራ ቀብቶት አይደለም፤ ጎማ ሠሪዎች ጥላሸት እየቀላቀሉ ጥቁር ማድረግ ሳይጀምሩ ጎማ ራሱ ነጣ ያለ ነበር። በራዲያተሩ ሥር ሞተር በእጅ የሚያስነሣው ማኖቬላ ተንጠልጥሎ ከታየ ግን ለመፍረድ መቸኮል አይገባም፤ ካዲላክ በ1912 በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር ካወጣ በኋላ እንኳ ብዙዎቹ ሠሪዎች ባትሪ የከዳ ዕለት ለሚመጣው ነገር ብለው ማኖቬላውን ለብዙ ዘመን አልተዉትም። ማኖቬላ ክንዱን መትቶት የሚያውቅ ሰው ይህን ጥንቃቄ ያመሰግናል ወይስ ይረግማል፥ አላውቅም።

መሪው ያለበትም ወገን ብዙ ሰው ያሳስታል። የቀድሞዎቹ የአሜሪካ መኪኖች አብዛኞቹ መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ በ1908 የወጣው የፎርድ ቲ ሞዴል በግራ ካደረገ በኋላ ሌሎቹ ተከተሉት። የጣሊያኑ ላንቻ ግን በአገሩ መንገድ ሰው ሁሉ በቀኝ ሲነዳ እርሱ መሪውን በቀኝ አድርጎ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ድረስ ጸንቶ ቆየ። በዚህ ላይ አታሚው የመስተዋቱን ኔጋቲቭ ገልብጦ አትሞት እንደ ሆነ ቀኙ ግራ፥ ግራው ቀኝ ይሆናል። ሊቃውንቱ ለዚህ ያገኙት መድኃኒት የሰውየውን ኮት መመልከት ነው፤ የወንድ ኮት የግራው ክፋይ በቀኙ ላይ ነውና የሚቆለፈው፥ ባለ ኮቶቹ ሁሉ እንደ ሴት ቆልፈው ከተገኙ የተገለበጠው ፎቶግራፉ ነው። እነሆ፥ ራዲያተሩን የጋረደው ያ ሰው አንድ ጊዜ ጠቀመ! ባለ ጥብቆና ባለ ኩታ ሆኖ ሲገኝ ግን ይህም ይቀራል።

አላዋቂ ሰው ደግሞ ለዚህ ሁሉ ድካም አንድ መልስ አለው፤ «ፎርድ ናት» ይላል። የሚያሳዝነው ነገር፥ ብዙ ጊዜ እውነቱን መሆኑ ነው። ይህ የቲ ሞዴል ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ በዓለም ዳርቻ ሁሉ ስለ ተበተነ፥ ዓይኑን ጨፍኖ «ፎርድ» የሚል ሰው ዓይኑ እስኪፈዝ ከሚመረምረው ይልቅ ሲቀናው ይኖራል። በፎርድነቷ የሚያፍሩ ባለቤቶችም ነበሩ፤ ለእነርሱም ነጋዴዎች ሌላ መልክ ያለው የራዲያተር ሽፋን እየሠሩ ይሸጡላቸው ነበርና፥ ፊቷን አይቶ ስለ ታላቅነቷ ብዙ ገጽ የጻፈ መርማሪ ወደ እግሯ ሲወርድ ፎርድነቷን አግኝቶ ብዕሩን ያስቀምጣል።

ከዚህ የከፋም አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ በየገበያውና በየበዓሉ ሜዳ የነበሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከጣውላ የተቆረጠና ቀለም የተቀባ አውቶሞቢል ነበራቸው፤ ባልና ሚስቱ ከኋላው ተቀምጠው ፊታቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ይነሡ ነበር። በዚህች መኪና ላይ ማሰላሰል የጀመረ ሊቅ ሁሉን ነገር መርምሮ፥ ከየትኛውም ፋብሪካ አልስማማ ስትለው፥ «እስካሁን ስሟ ያልታወቀ፥ ቁጥሯም እጅግ ጥቂት የሆነ» ብሎ ይደነግጋል። በእርግጥም እጅግ ጥቂት ናት።

ግን ዋናው ችግር ከእነዚህ ከቀልደኞቹ አይደለም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ብቻ ከሺህ የሚበልጥ ስም ያለው አውቶሞቢል ተሠርቷል። አንዱ ጋሪ ሠሪ፥ አንዱ ብስክሌት ሠሪ፥ አንዱ ደግሞ ምንም ያልሠራ ነገር ግን ባለጸጋ ወንድም ያለው ሰው፥ ሁሉም እየተነሣ ፋብሪካ ከፈትኩ ይል ነበር። እውነተኛውን ለመናገር ብዙዎቹ ፋብሪካ ሳይሆን መገጣጠሚያ ነበራቸው፤ ሞተሩን ከኮንቲነንታል ወይም ከላይካሚንግ፥ አክስሉን ከቲምከን ይገዙና በሻንሲ ላይ አስረው፥ የራሳቸው የሆነ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩበታል። ያ አንድ ነገር ምን መሰላችሁ? ራዲያተሩና በላዩ ያለው ስም! የኮንቲነንታልን ሞተር የተሸከሙት ስሞች ብቻ ከመቶ ይበልጣሉ። እንግዲህ በዚህች መኪና ፊት ወፍራም ሰው ከቆመባት፥ አካሏ ሁሉ የሌላ ነውና፥ ከእኅቶቿ የሚለያት አንዳች ምልክት አይቀርላትም።

በእኛም አገር ይህ የመኪናን ስም መሳሳት ያገኘን ከመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል ጀምሮ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ፊት የቀረበችውን መኪና ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያመጣት ቢድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ ጉዞውንም ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1913 በሎንዶን በመጽሐፍ አወጣው። የሰውየው ስም ቤንትሊ በመሆኑ፥ «የቤንትሊ መኪና» የሚል ቃል ያነበበ ሁሉ ያችን ዝነኛ የእንግሊዝ መኪና ያስባል። ያችኛይቱ ቤንትሊ ግን የተመሠረተችው በ1919 ነው፤ ምኒልክ ካረፉ ከስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ቤንትሊ ነድቶ ያመጣት መኪና ሲድሊ ነበረች፤ ዎልስሊ የሚባለው ኩባንያ በዚያን ጊዜ ጆን ሲድሊ ሥራ አስኪያጁ ስለ ነበረ የሠራቸውን መኪኖች በእርሱ ስም ይጠራቸው ነበር።

በዚያው ወራት ገደማ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ እርሱም የጉዞውን ታሪክ በበርሊን አሳተመ። የእርሱ መኪና ስሟ ናኬ ነው። እስቲ ይህን ስም ሰምቶ የሚያውቅ እጁን ያንሣ! ኤሚል ናኬ በሳክሶኒ ግዛት በድሬስደን አጠገብ ባለችው በኮስዊግ ከተማ መኪና ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ በገዛ አገሩም ቢሆን ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። መንዝና ቡልጋ በበቅሎ በሚሄድበት ዘመን፥ መንገድ የሚባል ነገር ሳይጠረግ፥ እንግሊዝና ጀርመን በአንድ ንጉሥ ደጃፍ ተሽቀዳድመው ተገናኙ። ስለዚህ የምኒልክን ዘመን ፎቶግራፍ አግኝቶ መርሰዲስ ትሁን ዳይምለር እያለ ከታላላቆቹ ስም ብቻ የሚመርጥ ሰው፥ ከሥሩ ስቷል፤ ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ነው።

የመኪናን ነገር እንዲማሩ በዚያን ዘመን ወደ ጀርመን የተላኩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፥ በዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርፀው መምጣታቸውን ሁሉ ያውቃል። የሄዱለት መኪና ተረስቶ ያልሄዱለት ዘፈን ቀረ። ሰው የሚላክበት ጉዳይና የሚታወስበት ጉዳይ እንዲህ ይለያያል፤ ነገር ግን ከመንገዴ ወጣሁ።

አንዲት የማከብራቸው ወይዘሮ አሉ፤ አባታቸው የተነሡትን ፎቶግራፍ በሻሽ ጠቅልለው ከመጽሐፈ መዝሙራቸው ጋር ያስቀምጡታል። ካባ የደረቡ፥ ባርኔጣቸውን ጥቂት ወደ ግራ ያዘነበሉ ግርማ ሞገሳም ሰው፥ እንደ ሥርዓቱ ከራዲያተሩ ፊት ቆመው፥ የቀኝ ክንዳቸውን በፓራፋንጎው ላይ አሳርፈዋል። «የአባቴ ሮልስ ሮይስ ናት» ይላሉ ወይዘሮዋ። ልጆቻቸውም፥ የልጅ ልጆቻቸውም ይህንኑ ሲሉ አድገዋል። ፎቶግራፉን አሳድገው ሳሎን ሊሰቅሉት አስበው፥ ከሥሩ የመኪናይቱም ስም በትክክል እንዲጻፍ ፈልገው ኖሮ፥ እኔንና ሁለት ባልንጀሮቼን ቡና ጠርተው ይህንኑ አማከሩን።

አጉሊ መነጽሩ ወጣ። የእግሯ ቆብ ላይ ፊደል አለ፤ እኩሌታው ግን በአባትየው ጭረት ባለው ከዘራ ተሸፍኖ የሚነበበው መጨረሻው ብቻ ነው፤ እርሱም «ላንድ» ይላል። ሮልስ ሮይስ እንግዲህ በ«ላንድ» አያልቅም። ባልንጀሮቼ ይህን አይተው ዝም ተባባሉ፤ ወይዘሮዋ ግን «ምን አያችሁ?» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የተከተለው ነገር ትርጓሜ ቤት የዋለ ሰው የሚያውቀው ነው። አንደኛው ባልንጀራዬ «ኦቨርላንድ ናት» አለ፤ በኦሃዮ በቶሌዶ ከተማ የተሠራች። ሁለተኛው «አንድም ኦክላንድ ናት» አለ፤ ኦክላንድ በ1926 ፖንቲያክን ወልዳ፥ ልጅቱ ከእናቲቱ ይልቅ ስለ ተወደደች፥ እናቲቱ በ1931 ተዘግታ ልጅቱ ብቻዋን ቀረች። እኔ ደግሞ ከሁለቱ እንዳላንስ ብዬ «አንድም ክሊቭላንድ ናት» አልኩ፤ እርስዋም ከ1919 እስከ 1926 ድረስ ብቻ የኖረች ናት። በሦስቱ «ላንድ» ቡናው አቦል አልፎ ቶና፥ ቶናውም አልፎ በረካ ሆነ። ራዲያተሩ ቢታይ በአንድ አፍታ የሚያልቅ ነገር ነበር፤ አባትየው ግን አሁንም ከፊቷ አልተንቀሳቀሱም።

በመጨረሻ የተጠሩት በሰፈሩ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። ማን ያርዳ የቀበረ፥ ማን ይናገር የነበረ ይባላልና፥ እርሳቸው አጉሊ መነጽሩን በእጃቸው ገፍተው፥ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንተው ያዩት የእግሯን ቆብ አልነበረም፤ ከአባትየው ባት በስተቀኝ በጨለማው ውስጥ በአግድም ሳይሆን በሰያፍ የወጣችውን ባሌስትራ ነው።

«ኦቨርላንድ አራት ናት» አሉ። «ባሌስትራዋ ሰያፍ የሆነች ሌላ አላውቅም። ጓደኛዬ ይዟት ነበር፤ ጉድጓድ ስትገባ አታነጥርም፥ ትወዛወዛለች እንጂ።»

ይህ እውነት ነው። ኦቨርላንድ በ1919 መጨረሻ ያወጣት ባለ አራት ሲሊንደሯ መኪና አጭር ሳለች እንደ ረዥም መኪና እንዳታንገራግር ተብሎ ባሌስትራዎቿ ከእግሮቿ አልፈው በሰያፍ ታስረው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ያደረገ ሌላ ሠሪ እኔም አላውቅም። ሦስታችን ሊቃውንት ነን ባዮች ስንከራከር የዋልንበትን ነገር፥ ሽማግሌው ቡናቸው ሳይቀርብ ፈጸሙት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት በዚያች ሰዓት ማንም አፉ ላይ አላመጣውም፤ ሁሉም ግን አስቦታል።

«ይህች ኦቨርላንድ እንግዲህ ታላቅ መኪና ናት?» ሲሉ ወይዘሮዋ ጠየቁ።

ሽማግሌው ዋሽተው የማያውቁ ሰው ናቸው። «እሜቴ፥ ርካሽ ናት፤ ከፎርድ ጋር ልትወዳደር የወጣች ናት» አሉ።

ወይዘሮዋ ስኒያቸውን አስቀመጡና፥ «አባቴ ከፎርድ ጋር ሲወዳደሩ አላየኋቸውም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

በሳምንቱ ፎቶግራፉ ወደ ፎቶ ቤት ተላከ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ አባቴን አሳድጉ፥ መኪናይቱን ቁረጡ። ፎቶግራፍ አንሺው ብልህ ሰው ነበረና፥ ኦቨርላንዷን ከነሰያፍ ባሌስትራዋ በቀለም አጥፍቶ፥ በስፍራዋ ደመና የመሰለ ነገር አለበሰበት። አሁን አባትየው በወርቃማ ክፈፍ ውስጥ ሆነው ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ቀኝ ክንዳቸው በአየር ላይ ተደግፏል። እንግዳ የሆነ ሰው ሁሉ ቡናውን ይዞ ቀና ሲል መጠየቁ አይቀርም።

«እሜቴ፥ እጃቸውን ምን ላይ ነው ያሳረፉት?»

«ሮልስ ሮይሳቸው ላይ ነዋ!» ይላሉ ወይዘሮዋ።